ሎሚ ሆኖ ገብቶ ዑድ ሆኖ የሚወጣ ሽቶ፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቆዳችሁ ላይ እንዴት እንደምትፈትሹት

በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ አይነት ነው። «ሱቅ ውስጥ ስሞክረው ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር፣ ቤት ስደርስ የሆነ የበረት ሽታ ሆነብኝ፣ ፌክ ሸጠውልኝ ነው?» ወይ ደግሞ «አስር ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ»። አብዛኛውን ጊዜ ሽቶው ፌክም አይደለም፣ አልጠፋምም፣ የተበላሸው ፍተሻው ነው። ከላይ ሲትረስ ከስር አምበርና ዑድ ያለው ሽቶ ማለት አንድ ጠርሙስ ውስጥ የገቡ ሁለት ሽቶዎች እንደማለት ነው፣ ሱቅ ውስጥ አሽትታችሁ የምትገዙት የመጀመሪያውን ነው፣ ተሸክማችሁት የምትውሉት ግን ሁለተኛውን። እኔም ተሸውጄበታለሁ፣ በአምስት ደቂቃ ማሽተት 100 ሚሊ ጠርሙስ ገዝቼ በማግስቱ ሰርግ ላይ አክስቴ ጎኔ ተቀምጣ «ምነው ልጄ፣ ከብት ስታልብ አደርክ እንዴ?» ብላኛለች።

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ቀን ለቆዳ ምርመራ፣ አንድ ሙሉ ቀን ለፈተናው፣ 2 ሚሊ ሳምፕል፣ ሽታ የሌለው ሎሽን ወይ ቫዝሊን፣ ቁራጭ አቡጀዴ፣ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ። በቅደም ተከተሉ ሂዱ።

ሳትጀምሩ፦ ምን እየፈተሻችሁ እንደሆነ እወቁ

ሲትረስ ማለት ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ግሬፕፍሩት፣ አንዳንዴ ትርንጎ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቤርጋሞት። ቤርጋሞት በብዛት ከጣሊያን ካላብሪያ የሚመጣ፣ ኧርል ግሬይ ለሚባለው ሻይ ሽታውን የሚሰጠው ፍሬ ነው። የነዚህ ሞለኪውሎች ትንንሽና ቀላል ናቸው፣ የሰውነት ሙቀት ሲያገኙ ተነው ያልቃሉ፣ ቆዳ ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ከቆዩ ስራቸውን ሰርተዋል። ሎሚው ቀኑን ሙሉ እንዲቆይ የምትጠብቁ ከሆነ ማንም ሽቶ አያስደስታችሁም።

አምበር ሲባል ጌጥ የሚሰራበት ቢጫ ድንጋይ አይደለም፣ ከዓሣ ነባሪ የሚገኘው አምበርግሪስም ሌላ ነገር ነው። ሽቶ ላይ አምበር የሚባለው ብዙ ጊዜ ላብዳነም የሚባል ሙጫ፣ ዓረቦቹ ጃዊ የሚሉት ቤንዞይንና ቫኒላ የተዋሃዱበት ሞቅ ያለ ጣፋጭ ቅልቅል ነው። ከባድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው።

ዑድ ደግሞ አኩዊላሪያ የሚባለው የእስያ ዛፍ ፈንገስ ሲይዘው ራሱን ለመከላከል ግንዱ ውስጥ የሚያመነጨው ጥቁር ሙጫ ያለበት እንጨት ነው። ዛፉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል፣ ዘይቱም እጅግ ውድ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ስፕሬይ ሽቶ ውስጥ ያለው ዑድ ላብራቶሪ ውስጥ የተቀናበረ ነው። ይሄን አይታችሁ «ተጭበረበርን» አትበሉ፣ የተቀናበረው እንዲያውም ብዙ ጊዜ ለጀማሪ አፍንጫ የተገራ ነው።

ደረጃ 1፦ ሳምፕል ያዙ

1. 2 ሚሊ ሳምፕል ግዙ ወይ ካለው ሰው አስቀዱ። አንድ ርጭት በግምት 0.1 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ 20 ርጭት አካባቢ ይወጣችኋል፣ ይበቃል። እህታችሁ ወይ ጓደኛችሁ ዱባይ ወይ ሪያድ ካለች «አንድ ጠርሙስ ላኪልኝ» ከማለታችሁ በፊት «ሳምፕል ያዢልኝ» በሏት፣ ለሷም ለሻንጣዋም ይቀላል።

2. የተጻፈበትን እዩ። ኦ ደ ትዋሌት ከሆነ የሽታው ዘይት ከ5 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው፣ ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20፣ ኤክስትሬ ከዛ በላይ። አልኮል የሌለው ሮል ኦን ከሆነ ደግሞ ባህሪው ይለያል፣ ሲትረሱን ብድግ አድርጎ የሚያወጣው አልኮል ስለሌለ መጀመሪያው ደብዛዛ ይሆናል፣ ሽታው ወደ ቆዳ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ ግን ይቆያል። ስፕሬይና ዘይት በአንድ ሚዛን አትመዝኑ።

3. ሱቅ ያለውን ቴስተር ወረቀት ላይ ብቻ አሽትቱት። ቴስተሩ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከሆነ መጀመሪያ የሚበላሸው ሲትረሱ ነው፣ የከረመ ዘይት ወይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ከመጣ በዛ ቴስተር አትፍረዱ።

ደረጃ 2፦ የቆዳ ምርመራ፣ 48 ሰዓት

ይሄን ሁሉም ሰው ይዘለዋል፣ ከዛ አንገታቸው አሳክኮ ቆስሎ ይመጣሉ።

1. ከክንዳችሁ በውስጠኛው በኩል፣ ከአንጓ ከፍ ብሎ፣ አንድ ትንሽ ነጥብ አድርጉ። አትርጩ፣ ክዳኑ ላይ ረጭታችሁ በጣት ንኩት።

2. ሸፍናችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ፣ ከዛ ሌላ 24። አለርጂ ወዲያው ላይወጣ ይችላል፣ በሁለተኛው ቀን የሚመጣ ብዙ ነው።

3. ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በዓይን ብቻ አትመኑ። በጣት ዳስሱት፣ ከሞቀ፣ ካሳከከ፣ ጥቃቅን ሽፍታ ከተሰማችሁ አለቀ፣ ይሄ ሽቶ የናንተ አይደለም። ወዲያው በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ካልተሻላችሁ ሐኪም ጋር ሂዱ። ኤክዜማ ወይ አስም ያለባችሁ ደግሞ ከመጀመሪያውኑ ሐኪም ጠይቁ።

ያረጀ ሲትረስ ሽቶ እዚህ ላይ ይብሳል። ሊሞኒን የሚባለው የሲትረስ ዋና ንጥረ ነገር አየር ሲያገኘው ይለወጣል፣ የተለወጠው ነው ቆዳን የሚያስቆጣው። አምስት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ ጠርሙስ አግኝታችሁ ከሆነ ይሄ ደረጃ ግዴታ ነው።

ደረጃ 3፦ ለፈተናው ቀን መዘጋጀት

1. ቀኑን ምረጡ። ቤት ውስጥ ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ ዶሮ ወጥ የሚሰራበት ቀን አይሆንም። ዕጣን ራሱ ሙጫ ነው፣ ከአምበሩ ጋር ይቀላቀልባችሁና የሽቶው ይሁን የቤቱ መለየት አትችሉም። ጉንፋን ከያዛችሁም ተዉት።

2. ጠዋት ገላችሁን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠቡ፣ ካልተገኘ ክንዳችሁን በውሃ ብቻ። ዲዮዶራንት የምትጠቀሙ ከሆነ ሽታ የሌለውን፣ ፀጉር ላይ ቅቤ ወይ የሚሸት ቅባት በዛ ቀን አይሁን። የእጅ ሳኒታይዘርም ተጠንቀቁ፣ አልኮል ስለሆነ አንጓ ላይ ያለውን ሽቶ አሟሙቶ ጠርጎ ይወስደዋል።

3. ቀኝ ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ በጣም ስስ ሎሽን ወይ ቫዝሊን ቀቡ፣ ግራውን ባዶ ተዉት። ይሄ ነው የፈተናው ቁልፍ። ሽቶ ደረቅ ቆዳ ላይ ቶሎ ይበናል፣ ወዝ ያለው ቆዳ ላይ ይያዛል። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ቆዳም ይሰነጣጠቃል፣ «አይቆይም» የሚባለው ቅሬታ ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

4. አንድ ቁራጭ የታጠበ አቡጀዴ አዘጋጁ፣ ካልተገኘ ነጭ ወረቀት። ይሄ ምስክራችሁ ነው፣ ጨርቅ ሙቀትም ላብም የለውም፣ ሽቶው ራሱ ምን እንደሆነ ያሳያችኋል። ክንዳችሁ ላይ የመጣው መጥፎ ሽታ ጨርቁም ላይ ካለ ሽቶው ነው፣ ጨርቁ ላይ ከሌለ የናንተ ቆዳ ነው።

ደረጃ 4፦ አረጫጨት

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንጀምር ብለን እንያዝ።

1. ከከሰል፣ ከጋዝ ምድጃ፣ ከጧፍና ከሻማ ራቁ። ስፕሬይ ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው፣ በክፍል ሙቀት እንኳን ትነቱ እሳት ይይዛል። ከሰል እየተያያዘ አጠገቡ ሽቶ የሚረጭ ሰው አይቻለሁ፣ አትቀልዱ።

2. ከ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ግራ ክንድ መታጠፊያ ላይ አንድ፣ ቀኝ ላይ አንድ፣ ጨርቁ ላይ አንድ። በቃ። ለምን አንጓ ላይ አይሆንም ካላችሁ እጅ ስትታጠቡ ስለሚሄድ ነው፣ እንጀራ በልቶ እጁን የማይታጠብ የለም መቼም።

3. አትሹት። ሁለቱን ክንድ ማፋተግ ልማድ ነው አውቃለሁ፣ ግን ያሞቀዋል፣ ከፊሉንም ጠርጎ ያነሳዋል፣ ሲትረሱ ድሮም ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው።

4. አንድ ደቂቃ ሙሉ አታሽትቱ። መጀመሪያ የሚመጣው አልኮሉ ነው፣ አፍንጫ ያቃጥላል እንጂ ምንም አይነግራችሁም።

5. ወደ ፀሐይ አትውጡ፣ ከወጣችሁም ክንዳችሁን ሸፍኑ። ተጨምቆ የወጣ ቤርጋሞትና ላይም ዘይት ውስጥ ቤርጋፕተን የሚባል ነገር አለ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል፣ ወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ትልልቆቹ አምራቾች ያወጡታል ወይ መጠኑን ይገድባሉ፣ ሰው ቤት ውስጥ የቀላቀለው ዘይት ላይ ግን ማን እንደለካው አታውቁም።

ደረጃ 5፦ ከ2:01 እስከ 2:20፣ የሎሚው ጊዜ

አፍንጫችሁን ቆዳው ላይ አትለጥፉ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ አጭር አጭር ሳቡ። 2:05 ላይ አንዴ፣ 2:20 ላይ አንዴ፣ ሌላ ጊዜ እጃችሁን ተዉት። በየሁለት ደቂቃው የሚያሸት ሰው 2:15 ላይ አፍንጫው ይደነዝዝና «ጠፋ» ይላል።

ጻፉ፦ ሎሚው እንደ ልጣጭ መራራ ነው ወይስ እንደ ከረሜላ ጣፋጭ? መራራው ብዙ ጊዜ ወደ ዑዱ በሰላም ይሻገራል፣ ከረሜላ የሚመስለው ደግሞ ከአምበሩ ቫኒላ ጋር ሲገናኝ ቀን ላይ ጣፋጭ በጣፋጭ ሊሆንባችሁ ይችላል። ይሄ የኔ ልምድ ነው፣ ሁሉም ላይ ላይሰራ ይችላል።

እዚህ ላይ ወደዳችሁት? ጥሩ፣ ግን አትግዙ።

ደረጃ 6፦ ከ2:20 እስከ 3:30፣ ክፍተቱ

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሲትረሱ ተኖ አልቋል። አምበሩ ከባድ ስለሆነ ገና አልተነሳም። መሃል ላይ ዑዱ ብቻውን ራቁቱን ቆሞ ይቀራል። የቁስል ፕላስተር፣ አዲስ የተለፋ ቆዳ፣ ጭስ፣ በረት፣ ያደረ አይብ፣ ከነዚህ አንዱ ሊመጣባችሁ ይችላል። የበረቱ ሽታ ከየት እንደመጣ ላስረዳችሁ፣ አንዳንዱ ዑድ፣ በተለይ የህንድ የሚባለው፣ እንጨቱ ከመጣራቱ በፊት ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይብላላል፣ ጠጅ ወይ ሊጥ እንደሚብላላው ማለት ነው፣ ያ ሽታ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ለስፕሬይ የሚቀናበረውም ብዙ ጊዜ እሱን አስመስሎ ነው የሚሰራው። ዝባድ አሽትቶ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም፣ ወፍራሙን ስታሸቱት አስቀያሚ፣ ሲሳሳ ግን ሌላ ነገር።

በዚህ ሰዓት ሶስት ነገር አታድርጉ።

አንደኛ፣ አትታጠቡት። ታጥባችሁ ከገመገማችሁ ያሸተታችሁት መግቢያውን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እና ይሄ ዋናው ነው፣ ድጋሚ አትርጩ። «ሎሚው ጠፋ» ብላችሁ ስትጨምሩ ሎሚው ለ20 ደቂቃ ይመለስላችኋል፣ ከስሩ ግን ዑዱና አምበሩ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ ለናንተ አይታወቃችሁም፣ 6 ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ያሉት ሰዎች ራሳቸውን ይይዛሉ። ሽቶ የበዛበት ሰው ስታዩ አብዛኛው ጠዋት የበዛበት አይደለም፣ ሎሚውን እያሳደደ የጨመረ ነው።

ሶስተኛ፣ በሌላ ሽቶ ልሸፍነው አትበሉ።

ማድረግ ያለባችሁ፦ 3 ሰዓት ላይ ግራ፣ ቀኝና ጨርቁን በተራ አሽትቱ፣ በመሃል መሃል ያልተረጨ የራሳችሁን ልብስ እጅጌ አሽትታችሁ አፍንጫችሁን መልሱ። ሱቆች የቡና ፍሬ ያቀርባሉ፣ ንጹህ አየር ከመሳብ የተሻለ አይሰራም፣ እኛ ደግሞ ቡና ስናሸት ሐሳባችን ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው። ጨርቁ ላይ ሎሚው ገና ካለ አትገረሙ፣ ሙቀት ስለሌለ ነው። ቀኙ ከግራው ለስለስ ብሎ ከመጣ ቆዳችሁ ደረቅ ነው፣ ይሄን ሽቶ ሁልጊዜ በሎሽን ላይ ነው መጠቀም ያለባችሁ።

ደረጃ 7፦ ከ4 እስከ 8 ሰዓት፣ የምትገዙት ሽቶ ይሄ ነው

4 ሰዓት ላይ አሽትቱ፣ ከዛ 6 ሰዓት ላይ፣ ከዛ 8 ሰዓት ላይ። ሰውነት ሲሞቅ አምበሩ ይነሳል፣ የዑዱን ሹል ጠርዝ ይሸፍነዋል፣ ቫኒላው፣ ሙጫው፣ እንጨቱ አንድ ላይ ይሆናሉ። የኔ ፍርድ ቀላል ነው፣ 6 ሰዓት ላይ ሳታስቡት ክንዳችሁን መልሳችሁ ካሸተታችሁት ይገዛል፣ ሎሚውን እያስታወሳችሁ ከተከዛችሁ አይገዛም። ሎሚ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ኮሎኝ ግዙ፣ ዋጋውም ያንሳል፣ በየሁለት ሰዓቱ መርጨትም ትችላላችሁ።

ሌላ ሰው ጠይቁ፣ ግን «ሽቶዬ እንዴት ነው?» አትበሉ፣ ያው «ቆንጆ ነው» ነው የሚሏችሁ። አንድ ክንድ ርቀት ቆማችሁ «የሚሸት ነገር አለ?» በሉ። መጀመሪያ የተናገሩትን ቃል ጻፉ። «ቤተክርስቲያን» ካሉ ሙጫው ነው የወጣው፣ «ኬክ» ካሉ ቫኒላው፣ «መድኃኒት» ካሉ ዑዱ አልተገራም።

8 ሰዓት አካባቢ ላብ ካላችሁ ድጋሚ ገምግሙ። ቆላ ከተማ ወይ ባህረ ሰላጤው ላይ ያላችሁ ይሄ ደረጃ ቶሎ ይመጣባችኋል፣ 40 ዲግሪ ላይ ክፍተቱ ያጥራል፣ አምበሩ ደግሞ ፈጥኖ ይወፍራል፣ ስለዚህ እዛ አንድ ርጭት እዚህ ሁለት እንደማለት ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ብርድ ደግሞ ተቃራኒው፣ ዑዱ ተኝቶ ይውላል፣ ሞቅ ያለ ታክሲ ውስጥ ስትገቡ ነው ድንገት የሚነሳው። በሰኔ የፈተሻችሁትን በመጋቢት አንድ ቀን ድገሙት።

ደረጃ 8፦ ማታና ማግስት

1. ማታ 12 ሰዓት ላይ ቆዳችሁን አሽትቱ። ኦ ደ ፓርፋም ከሆነ ቢያንስ ለቆዳ የተጠጋ አምበር ወይ እንጨት መቅረት አለበት። ጭራሽ ባዶ ከሆነ ከታች ያለውን የችግር ክፍል እዩ።

2. ታጥባችሁ ተኙ፣ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ክንዱንና ጨርቁን አሽትቱ። ታጥባችሁትም ቆዳው ላይ የሚወጋ፣ እንደ ብረት ወይ እንደ ጠንካራ ሳሙና የሚቆረቁር ነገር ከቀረ፣ ያ ብዙ ጊዜ ዑድ አይደለም፣ አምበራም እንጨት የሚመስሉ ኃይለኛ ሰው ሰራሽ ንጥረ ነገሮች ናቸው። አንዳንድ ሰው ጭራሽ አይሸቱትም፣ አንዳንዱን ራስ ምታት ያስይዙታል። አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ፣ እሱ ነው የሚሰቃየው።

3. ጨርቁን ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ቢጫ ወይ ቡኒ ምልክት ከጣለ ነጠላም የሐበሻ ቀሚስም ነጭ ሸሚዝም ላይ አይረጭም። ቫኒሊን እየቆየ ይጠቁራል፣ የዑድ ዘይት ደግሞ ራሱ ቡኒ ነው። የእናቴን ነጠላ አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን በዓል ሲመጣ ይነሳብኛል።

ደረጃ 9፦ መጠኑን መወሰን

ፈተናው ካለፈ ሌላ ቀን ለብሳችሁት ውጡ። ሚኒባስና ቢሮ፦ ከልብስ ስር ደረት ላይ አንድ፣ ቢበዛ ማጅራት ላይ ሌላ አንድ። ሰርግ፣ የማታ ፕሮግራም፦ ሶስት። ለቅሶ ቤትና ሆስፒታል ይቅርባችሁ። ሎሽን ቀብታችሁ አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ርጩ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ቢሆን ይመረጣል፣ ክፍተቱን ቤት ውስጥ ጨርሳችሁት ትወጣላችሁ፣ ሰው የሚያገኛችሁ አምበሩ ሲጀምር ነው።

ልብስ በቡኹር ወይ በዕጣን የምታጥኑ ከሆነ መጀመሪያ ልብሱን አጥኑ፣ እሳቱን አጥፉ ወይ ከክፍሉ አውጡ፣ ከዛ ቆዳ ላይ ሽቶውን። ተቃራኒው አደጋ ነው፣ ሽታውም ይደበላለቃል።

ሲበላሽባችሁ

ሎሚው አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆየም። ባዶው ክንድ ላይ ብቻ ከሆነ ቆዳችሁ ደርቋል፣ ሎሽን። ጨርቁም ላይ ከጠፋ ግን ሽቶው ያረጀ ወይ ፀሐይ የመታው ነው፣ ከሌላ ቦታ ሳምፕል አምጡና አነጻጽሩ።

ክፍተቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየ፣ በረቱ አልሄደም። ጨርቁን አሽትቱ። እዛም በረት ከሆነ የሽቶው ጠባይ ነው፣ ተዉት፣ ወይ ለልብስ ጠርዝ ብቻ ተጠቀሙበት። ጨርቁ ለስላሳ ሆኖ ክንዱ ብቻ ከሆነ ሌላ ቀን ደረት ላይ ሞክሩት፣ የክንድ መታጠፊያ ላብ ይይዛል፣ ላብና ዑድ ደግሞ አይዋደዱም። ብብት አጠገብ በጭራሽ እንዳትሞክሩ።

6 ሰዓት ላይ ምንም አይሸተኝም። መጀመሪያ ራሳችሁን ተጠራጠሩ። አምብሮክሳን (አምበርግሪስን አስመስሎ የሚሰራ ንጥረ ነገር) አይነት ነገር አፍንጫን ቶሎ ያለምደዋል፣ እናንተ የማትሰሙት ጎረቤታችሁ ይሰማዋል። ውጪ ወጥታችሁ አስር ደቂቃ ንጹህ አየር ወስዳችሁ ተመለሱ፣ ካልሆነ ሰው ጠይቁ። ሁለት ሰው «የለም» ካለ የለም።

በጣም በዛብኝ፣ ቃለ መጠይቅ አለብኝ፣ ምን ላድርግ? ውሃ ብቻ አይሰራም፣ አምበርና ዑድ ዘይት ናቸው። ትንሽ ቫዝሊን ወይ የምግብ ዘይት ቀቡበት፣ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፣ በሶፍት ጥረጉት፣ ከዛ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ አንዴ ድገሙት። ከዘይት ሌላ አማራጭ ሳኒታይዘር ነው፣ ጥጥ ላይ አድርጋችሁ ጥረጉ። ቆዳው ካሳከካችሁ ወይ ከተቃጠለ ግን ሳኒታይዘሩ ይቅር። ልብስ ላይ ከሆነ ልብሱን ቀይሩ፣ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ራስ ምታት ያዘኝ። ታጠቡት፣ መስኮት ክፈቱ፣ በሌላ ቀን አንድ ርጭት ብቻ ከልብስ ስር ሞክሩ። ከደገማችሁ አትታገሉ፣ ሳምፕሉን ለሰው ስጡ፣ ጠርሙስ አለመግዛታችሁ ነው ትርፉ።

ጓደኛዬ ላይ ደስ ይላል እኔ ላይ አይልም። ሁለታችሁም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳሙና ታጥባችሁ፣ በአንድ ሎሽን ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሷ ሎሽን ወይ የልብሷ ሳሙና ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በኋላም ከተለያየ የወዝና የሙቀት ጉዳይ ነው።

ጠርሙሱን ከገዛችሁ በኋላ ሲትረሱ እንዳይበላሽ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። መታጠቢያ ቤት አይሆንም፣ መኪና ዳሽቦርድ ጭራሽ አይሆንም፣ ህጻናት የማይደርሱበት ይሁን፣ አልኮል ስለሆነ ቢጠጡት ይመርዛቸዋል።